የማን ዘፈን ነው?

«ሙዚቃ ቋንቋ አይፈልግም» ሲባል ዘወትር እንሰማለን። አባባሉ ደስ ይላል፤ እኔ ግን የምቀበለው ግማሹን ብቻ ነው። ዜማው ቋንቋ ላይፈልግ ይችላል። ግጥሙን ግን አንድ ሰው እርሳስና ወረቀት ይዞ፣ ጽፎ ሰርዞ፣ እንደገና ጽፎ ነው ያወጣው። ቋንቋ የማያስፈልግ ቢሆን ኖሮ ያ ሰው ምን ሲሠራ አመሸ?

ይህን ያነሳሁት በድሮዎቹ የአሜሪካ ዘፈኖች ምክንያት ነው። ድሮ ስል ከ1930ዎቹ መጨረሻ እስከ 1960ዎቹ መጀመሪያ ያለውን ጊዜ ማለቴ ነው (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሌላ ካልተገለጹ በቀር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። እነ ፍራንክ ሲናትራ፣ ናት ኪንግ ኮል፣ ኤላ ፊትዝጄራልድና ኤልቪስ ፕሪስሊ የነገሡበት ዘመን ነው። ዘፈኖቹ ዛሬም አልሞቱም። በኤፍ ኤም ሬዲዮ የማታ ፕሮግራም ላይ፣ በፊልም ማጀቢያ ውስጥ፣ በየስልካችን አሉ። አቅራቢው ድምፁን ለስለስ አድርጎ «አሁን ደግሞ የሲናትራን ዘፈን እንጋብዛችሁ» ይላል፤ ሙዚቃው ይገባል፤ በቃ፣ ነገሩ አለቀ። ግን ዘፈኑ እውነት የሲናትራ ነው?

የእኔ አቋም ግልጽ ነው። እነዚህን ዘፈኖች በወጉ ማድነቅ የሚቻለው «ማን ዘፈነው?» ከሚለው ጥያቄ ጎን «ማን ደረሰው? ዋጋውንስ ማን ወሰደው?» ብሎ መጠየቅ ሲለመድ ነው። ይህ ጥያቄ የዘፈኑን ደስታ አይቀንስም፤ እንዲያውም ይጨምራል። ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ደግሞ ከዚያም ያለፈ ነው፤ ወደፊት ስለምናየው ለጊዜው ይቆየን።

ዘፈን እንዴት ይሠራ ነበር?

በአገራችን የአዝማሪ ባህል ገጣሚውና ዘፋኙ ብዙውን ጊዜ አንድ ሰው ነው። አድማጩ «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ቢወረውርለት እንኳ እዚያው ቤት ውስጥ፣ ሁሉም እያየው ነው። በዚያን ዘመን አሜሪካ ግን ሥራው እንደ ፋብሪካ የተከፋፈለ ነበር። አንዱ ዜማ ይደርሳል፤ ሌላው ግጥም ይጽፋል፤ አሳታሚው ኖታውን አትሞ ይሸጣል፤ አቀናባሪው ለመሣሪያዎቹ ያከፋፍላል፤ በመጨረሻ ድምፃዊው መጥቶ ይዘፍነዋል። ኒውዮርክ ብሮድዌይ መንገድ ላይ ቁጥር 1619 የሆነው ብሪል ቢልዲንግ የሚባለው ሕንፃ በሙዚቃ አሳታሚ ቢሮዎች የተሞላ ነበር። ደራሲዎች ከቢሮ ቢሮ እየዞሩ አዲስ ሥራቸውን በፒያኖ እየተጫወቱ ያሻሽጣሉ። ሲናትራም ሆነ ኤላ ፊትዝጄራልድ ስመ ጥር ካደረጓቸው ዘፈኖች አብዛኞቹን ራሳቸው አልጻፏቸውም።

ታዲያ ዘፈኑ የድምፃዊው የግል ንብረት ስላልነበረ አንዱን ዘፈን አሥርና ሃያ ሰው ይዘፍነው ነበር። ለአድማጭ ትልቁ ትምህርት ቤት ይሄ ነው። ለምሳሌ «ብሉ ሙን»ን እንውሰድ። ዜማው የሪቻርድ ሮጀርስ፣ ግጥሙ የሎሬንዝ ሃርት ነው፤ የታተመው በ1934 ነው። በ1940ዎቹ መጨረሻ ቢሊ ኤክስታይን በወፍራም ድምፁ ቀስ አድርጎ ዘፈነው። በ1954 ኤልቪስ ፕሪስሊ ሜምፊስ ውስጥ ባዶ ቤት ውስጥ ብቻውን የሚያንጎራጉር አስመስሎ ቀዳው። በ1961 ደግሞ ዘ ማርሴልስ የተባሉ ወጣቶች በአፋቸው ከበሮ እየመቱ አሯሯጡትና በአሜሪካ አንደኛ ወጣ። ሦስቱን በተከታታይ ስሟቸው። ቃሉ ያው፣ ዜማው ያው፤ ስሜቱ ግን ሦስት ዓይነት ነው። የደራሲው ድርሻ የት እንደሚያበቃና የዘፋኙ ድርሻ ከየት እንደሚጀምር በጆሮ የሚለየው እንዲህ ሲነጻጸር ነው።

ደግሞ ልብ በሉልኝ፤ ሃርት ለዚህ ዜማ የጻፈው ግጥም አንድ አልነበረም። መጀመሪያ ለአንድ ፊልም ጻፈ፤ ሳይሆን ቀረ። ለሌላ ፊልም ሌላ ግጥም ጻፈለት፤ ያም ብዙ አልራቀም። አሳታሚው «ቀለል ያለ፣ ሰው የሚገዛው ነገር አምጣ» ብሎ ሲወተውተው ነው ዛሬ ዓለም የሚያውቀው ግጥም የተጻፈው። «መምህሩ ጽሑፌን ሦስት ጊዜ መለሱብኝ» ብለን የምናማርር ሁሉ ይህን እናስታውስ።

አጭርነቱም የራሱ ምክንያት አለው። በዘመኑ በብዛት ይሸጥ የነበረው ሸክላ በአንድ ፊቱ ሦስት ደቂቃ ያህል ብቻ ነበር የሚይዘው። ስለዚህ ደራሲው ትንሽ ቦታ ነው ያለችው። የተለመደው አሠራር አራት ክፍል ነበረው፤ ዜማው ይመጣል፣ ይደገማል፣ በሦስተኛው ክፍል መልኩን ይለውጣል፣ በአራተኛው ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። በዚህች ጠባብ ቤት ውስጥ የሰው ልጅ ናፍቆት፣ ፍቅርና ብስጭት መግባት አለበት። አንድም ትርፍ ቃል አይፈቀድም። ዜና ስንጽፍ «ቁጠቡ፣ ቁረጡ» የምንባለውን እነሱ በዜማ ሠርተውታል።

ከዘፈኑ ጀርባ ያሉት ሰዎች

የደራሲውን ስም ማወቅ ምን ይጠቅማል? የሚል አይጠፋም። ሁለት ሦስት ምሳሌ ላንሳ።

«ኋይት ክሪስማስ» የፈረንጆች ገና በመጣ ቁጥር የሚሰማ ዘፈን ነው። በ1942 ቢንግ ክሮስቢ የዘፈነው ሸክላ ከ50 ሚሊዮን ቅጂ በላይ እንደተሸጠ ይገመታል። የጻፈው ማን ነው? ኢርቪንግ በርሊን። በ1888 በሩሲያ ግዛት የተወለደ፣ በአምስት ዓመቱ ከቤተሰቡ ጋር ተሰዶ ኒውዮርክ የገባ፣ የአይሁድ ሃይማኖት መዝሙር መሪ ልጅ ነው። ኖታ በደንብ ማንበብ እንኳ አይችልም ነበር፤ በፒያኖ የሚጫወተውም በአብዛኛው በጥቁሮቹ ቁልፎች ብቻ ነበር። አሜሪካኖች «የእኛ የገና ዘፈን» የሚሉትን የጻፈላቸው ገናን የማያከብር የስደተኛ ቤተሰብ ልጅ ነው። ይህን ካወቅን በኋላ በዘፈኑ ውስጥ ያለው የሩቅ ቤት ናፍቆት በሌላ ጆሮ አይሰማም ትላላችሁ? እኔ በሌላ ጆሮ ነው የምሰማው።

«ኦቨር ዘ ሬንቦው»ን ደግሞ ጁዲ ጋርላንድ በ1939 «ዘ ዊዛርድ ኦቭ ኦዝ» በተባለው ፊልም ላይ ዘፈነችው። ዜማው የሃሮልድ አርለን ነው፤ ገና የመጀመሪያው ቃል ላይ ድምፁ ከታች ተነስቶ ስምንት እርከን ወደ ላይ ይዘላል። ፊልሙ ለሙከራ ከታየ በኋላ ስቱዲዮው ዘፈኑን ቆርጦ አውጥቶት ነበር፤ በክርክር ነው የተመለሰው። በመጨረሻ የኦስካር ሽልማት አገኘ። ግጥሙን የጻፈው ይፕ ሃርበርግ በድህነት ያደገ፣ የስደተኞች ልጅ ነው። ይህ ሰው በ1950ዎቹ ኮሚኒስት ናቸው ተብለው በተጠረጠሩ ሰዎች ላይ በተከፈተው ዘመቻ በጥቁር መዝገብ ሰፍሮ ከሆሊውድ ሥራ ታገደ። ዘፈኑ በየቤቱ ይዘፈናል፤ ገጣሚው ግን በሙያው እንዳይሠራ በር ተዘግቶበታል። ጉድ እኮ ነው!

ሦስተኛው ምሳሌ የእኛኑ ዕድሜ ይመለከታል። በ1960 መጨረሻ ላይ ዘ ሺረልስ የተባሉ አራት ጥቁር ወጣት ሴቶች የዘፈኑት «ዊል ዩ ላቭ ሚ ቱሞሮው» ወጣ። በማግስቱ ዓመት መጀመሪያ አንደኛ ሆነ። አንዲት ልጅ ነገ ምን ይመጣ ይሆን ብላ በግልጽ የምትጠይቅበት ዘፈን ነው። ዜማውን የደረሰችው ካሮል ኪንግ የ18 ዓመት ልጅ ነበረች፤ ግጥሙን የጻፈው ባለቤቷ ጌሪ ጎፊን ደግሞ 21 ዓመቱ ነበር። ዕድሜው የእኛ መሆኑ ነው። በ1971 ካሮል ኪንግ ራሷ፣ ዝግ ባለ አካሄድ፣ በራሷ ድምፅ ደግማ ዘፍናዋለች። ሁለቱን ቅጂ ያዳመጠ ሰው አንድ ጥያቄ በ18 ዓመት እና በ29 ዓመት ሲጠየቅ ምን ያህል እንደሚለያይ ይገባዋል።

ስም የጠፋበት፣ ስም የተሰረቀበት

እስካሁን ያነሳሁት ደስ የሚለውን ነው። ስም የማስታወስ ጉዳይ ግን የእውቀት ጌጥ ብቻ አይደለም፤ የእንጀራ ጉዳይም ነው። ምክንያቱም በዚያን ዘመን የአሜሪካ ሬዲዮ ዘፈን ሲያጫውት ክፍያው ይሄድ የነበረው ለደራሲውና ለአሳታሚው ነው፤ ለድምፃዊው አይደለም። በደራሲነት የተመዘገበ ሰው ዘፈኑ በተሰማ ቁጥር ያገኛል። ያልተመዘገበ ምንም የለውም። ስም ማለት ገንዘብ ነበር።

ይህ ጥል የከረረበት ጊዜም አለ። በ1941 መጀመሪያ ላይ የሬዲዮ ጣቢያዎቹና አስካፕ የተባለው የደራሲዎችና አሳታሚዎች ማኅበር በክፍያ ሳይስማሙ ቀሩ። ታላላቆቹ የሬዲዮ ኔትዎርኮች የማኅበሩን አባላት ዘፈን ማሰማት አቆሙ፤ ይህም እስከ ጥቅምት ወር ድረስ ቆየ። ከተጎዱት አንዱ ዱክ ኤሊንግተን ነበር። የማኅበሩ አባል ስለሆነ የራሱን ድርሰት በሬዲዮ ማሰማት አልቻለም። ያን ጊዜ አባል ያልነበረው ወጣቱ የሙያ ጓደኛው ቢሊ ስትሬይሆርን ደረሰለት፤ «ቴክ ዘ ኤ ትሬን» በዚያ ዓመት የካቲት ላይ ተቀዳና የባንዱ መለያ ዜማ ሆነ። ዛሬ ማንንም ብትጠይቁ «የኤሊንግተን ነው» ይላችኋል። ኤሊንግተን በ1973 አዲስ አበባ መጥቶ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ኒሻን ተቀብሏል፤ ክብሩም ይገባዋል። የመለያ ዜማውን የደረሰለት ስትሬይሆርን ግን ከዚያ ስድስት ዓመት ቀደም ብሎ በ1967 አርፏል፤ በዓለም ላይ ስሙን የሚያውቀው ከኤሊንግተን አድማጮች ጥቂቱ ነው።

ይሄኛው መረሳት ነው። የሚቀጥለው ግን ከመረሳት ያለፈ ነው። በ1955 ቸክ ቤሪ ቺካጎ ውስጥ «ሜይቤሊን»ን ቀዳ። ሸክላው ሲወጣ በደራሲነት የሰፈሩት ስሞች ሦስት ሆነው ተገኙ። ከተጨመሩት አንዱ አለን ፍሪድ ነው። አለን ፍሪድ ማን ነው? ገጣሚ አይደለም፤ ዜማ ደራሲም አይደለም። የሬዲዮ አቅራቢ ነው! ዘፈኑን በጣቢያው ደጋግሞ እንዲያጫውተው ስሙ በደራሲነት ገባ፤ ከገቢው ይካፈላል ማለት ነው። ቸክ ቤሪ ሙሉ መብቱን ያስመለሰው በ1986 ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት!

ለፍሪድም ፍትሐዊ እንሁን። የጥቁር ድምፃውያንን ሥራ ነጮች አለስልሰው ሲቀዱት ብዙ ጣቢያ የነጮቹን ቅጂ ብቻ ያሰማ በነበረበት ጊዜ እሱ የመጀመሪያውን ቅጂ ነበር የሚያጫውተው። «ሮክ ኤንድ ሮል» የሚለውን ስም ለሕዝብ ያስለመደም እሱ ነው። ግን በ1959 እና 1960 የአሜሪካ ምክር ቤት የሬዲዮ አቅራቢዎች ዘፈን ለማጫወት የሚቀበሉትን ጉቦ ሲመረምር ስሙ ተነሳ፤ በ1962 ፍርድ ቤት ጥፋተኛ መሆኑን አምኖ ተቀጣ። ጥሩ ጆሮ ያለው ሰው ጥሩ እጅ ላይኖረው ይችላል። ነገ ማይክ ይዘን የምንቀመጥ ሰዎች ከዚህ የበለጠ የሥነ ምግባር ትምህርት ከየት እናመጣለን?

የአንበሳው ዘፈን

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ግን የአንድ አፍሪካዊ ታሪክ ነው። «ዘ ላየን ስሊፕስ ቱናይት»ን የማያውቅ የለም። ዘ ቶከንስ የተባሉት የኒውዮርክ ልጆች በ1961 ዘፍነውት አንደኛ ወጣ፤ በ1994 ደግሞ «ዘ ላየን ኪንግ» ፊልም ውስጥ ገብቶ የሕፃናት ሁሉ ዘፈን ሆነ። የአሜሪካ ዘፈን ነው ስንል ኖረናል። ነገር ግን ሥሩ ያለው ጆሃንስበርግ ነው።

ሰለሞን ሊንዳ የተባለ የዙሉ ተወላጅ ሠራተኛ ከጓደኞቹ ጋር በ1939 «ምቡቤ» የሚል ዘፈን ቀዳ፤ ትርጉሙ አንበሳ ማለት ነው። መብቱን ለሸክላ ኩባንያው የሸጠው በ10 ሺሊንግ ነው። ሸክላው ውቅያኖስ ተሻግሮ የፎልክ ሙዚቀኛው ፒት ሲገር እጅ ገባ። ሲገር የዙሉኛውን ቃል አጥርቶ ስላልሰማው «ዊሞዌ» አደረገው፤ ቡድኑ ዘ ዊቨርስም በዚሁ ስም በ1950ዎቹ መጀመሪያ ቀዳው። በመብት ምዝገባው ላይ የሊንዳ ስም አልነበረም፤ «ፖል ካምቤል» የሚል በእውን የሌለ ሰው ስም ነበር የሰፈረው። ከዚያ በ1961 አዲስ የእንግሊዝኛ ግጥም ተጨመረበትና የዓለም ገበያ ውስጥ ገባ። ሊንዳ በማግስቱ ዓመት፣ በ1962፣ በድህነት ሞተ። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ማለት ይሄ ነው።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም፤ ያላበቃውም በጋዜጠኛ ምክንያት ነው። ሪያን ማላን የተባለ ደቡብ አፍሪካዊ ጸሐፊ ዘፈኑ በማን እጅ፣ በየትኛው ውል፣ ስንት ገንዘብ ይዞ እንዳለፈ እግር በእግር ተከታትሎ በ2000 በ«ሮሊንግ ስቶን» መጽሔት አወጣው። ጽሑፉ መነጋገሪያ ሆነ። የሕግ ባለሙያዎች ከድሮው የእንግሊዝ ግዛት የቅጂ መብት ሕግ ውስጥ አንድ አንቀጽ አገኙ፤ ደራሲው ከሞተ ከ25 ዓመት በኋላ መብቱ ወደ ወራሾቹ ይመለሳል ይላል። በ2004 ክስ ተመሠረተ። በ2006 ጉዳዩ በስምምነት አለቀ፤ ለሊንዳ ልጆች ክፍያ እንዲፈጸምና ስሙ በደራሲነት እንዲሰፍር ተወሰነ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይባል የለ? እዚህ ላይ ግን ድሩ አንበሳውን አስፈታ።

እንግዲህ መጀመሪያ ያቆየሁት ነጥብ ይሄ ነው። «ይህን ማን ጻፈው?» የምትል አንዲት ተራ ጥያቄ፣ አጥብቆ የሚጠይቃት ሰው ሲገኝ፣ ከሰላሳ ስምንት ዓመት በፊት የተቀበረን ሰው ስም ታስነሳለች። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የሚባለው እውነት ነው፤ ግን ብቻውን አይውልም። የሚያነሳው ሰው ይፈልጋል።

ተቃውሞዎቹ

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሱ ተቃውሞዎች እንዳሉ አውቃለሁ። የመጀመሪያው «ዘፈን ለመዝናናት እንጂ ለምርመራ አይደለም» የሚል ነው። እሺ፣ ይሁን። ሰው ደክሞት ሲገባ ዘፈን ከፍቶ ዓይኑን ቢጨፍን መብቱ ነው። የአድማጭ መብት ግን የአቅራቢን ግዴታ አያነሳም። ሆቴል ገብቶ የበላ ሰው ምግብ ሠሪዋን የማወቅ ግዴታ የለበትም፤ የሆቴሉ ባለቤት ግን ስሟንም ያውቃል፣ ደሞዟንም ይከፍላል።

ሁለተኛው «የድምፃዊውን ድካም ታሳንሳለህ» የሚል ነው። በፍጹም። በ1952 «ሃውንድ ዶግ»ን መጀመሪያ የቀዳችው ቢግ ማማ ቶርንተን ናት፤ የጻፉላት ጄሪ ሊበርና ማይክ ስቶለር ደግሞ የ19 ዓመት ልጆች ነበሩ። በ1956 ኤልቪስ ሲዘፍነው ዓለም ሁሉ የኤልቪስ ነው አለ። እዚህ ላይ የተረሳችው ድምፃዊቷ ናት፤ ደራሲ ስላልነበረች የኤልቪስ ቅጂ ሲጫወት አንድም ሳንቲም አይደርሳትም። ስለዚህ ጥያቄዬ ገጣሚን ከፍ፣ ዘፋኝን ዝቅ የማድረግ አይደለም። የቄሳርን ለቄሳር ነው። ኤላ ፊትዝጄራልድ ራሷ መንገዱን አሳይታለች። ከ1956 እስከ 1964 ባወጣቻቸው ስምንት «ሶንግ ቡክ» አልበሞች ላይ ከራሷ ስም ጋር የደራሲዎቹን ስም በሽፋኑ ላይ በትልቁ አስቀምጣለች፤ የኮል ፖርተር፣ የኤሊንግተን፣ የበርሊን፣ የአርለን እያለች። ያን የመሰለ ድምፅ ያላት ሴት ለደራሲ ስም ቦታ ስትሰጥ ክብሯ ቀነሰ? ጨመረ እንጂ።

ሦስተኛው ደግሞ «የራሳችን ሙዚቃ እያለ የአሜሪካን ምን አመጣው?» የሚል ነው። የእኔ መልስ ጆሮ አንድ ነው የሚል ነው። እዚያ መጠየቅ የለመደ እዚህም ይጠይቃል። በካሴት ዘመን በአገራችን ሽፋኖች ላይ «ግጥም»፣ «ዜማ»፣ «ቅንብር» እየተባለ ስም ይጻፍ ነበር፤ ደህና ልማድ ነው። ሬዲዮ ላይ ሲደርስ ግን ሦስቱም ይጠፉና የድምፃዊው ስም ብቻ ይቀራል። የኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይሄኛው በእኛ አቆጣጠር ነው) ለደራሲው በሥራው ላይ ስሙ እንዲጠራ የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ሕጉ አለ፤ የጎደለው ልማዱ ነው።

ምን እናድርግ?

ትልቅ ነገር አልጠይቅም፤ ሦስት ትንንሽ ነገሮች ናቸው። አንደኛ፣ በግቢያችን ሚኒ ሚዲያም ሆነ ነገ በምንቀጠርበት ጣቢያ ዘፈን ስናስተዋውቅ ከድምፃዊው ስም ጋር የገጣሚውንና የዜማ ደራሲውን ስም እንጨምር። «አሁን የምንሰማው ‹ብሉ ሙን› ነው፤ ዜማ ሪቻርድ ሮጀርስ፣ ግጥም ሎሬንዝ ሃርት፣ ድምፅ ቢሊ ኤክስታይን» ለማለት ስንት ሰከንድ ይፈጃል? አሥር አይሞላም። ሁለተኛ፣ አንድ የድሮ ዘፈን ስንወድ ቢያንስ ሁለት ሰው የዘፈነውን እየፈለግን እናነጻጽር። ዛሬ ሸክላ ፍለጋ የሚያስኬድ የለም፤ ስልካችን ላይ አለ። ሦስተኛ፣ የደራሲውን ስም ስናገኝ እዚያው አናቁም፤ ማን ነበር፣ መቼ ጻፈው፣ ተከፈለው ወይ ብለን እንጠይቅ። ከዚያች ጥያቄ ጥሩ ጽሑፍ ሊወጣ እንደሚችል የአንበሳው ዘፈን ምስክር ነው።

እኛ ጋዜጠኞች ጽሑፋችን ያለ ስማችን ሲወጣ እንቆጣለን፤ መቆጣትም አለብን። በሦስት ደቂቃ ውስጥ የሰውን ልብ የሚነካ ቃል የጻፈ ሰውም ያው የሙያ ወንድማችን ነው፤ እሱም በቃል ነው የሚኖረው። ለራሳችን የምንጠይቀውን ለእሱ ካልሰጠን ዘፈኑን ወደድነው ማለታችን ምኑ ላይ ነው? ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ አንድ አቅራቢ «የሲናትራ ዘፈን» ሲላችሁ ደስ ብሏችሁ አዳምጡ። ሲያልቅ ግን «የማን ዘፈን ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። ካላወቀ ይፈልግ፤ ሥራው ነው።